ግራ ጫማዬ አንተ ጋ ነው

ውድ አባዬ፣

እንዴት ሰንብተሃል? እኔ ደኅና ነኝ። ለወግ ያህል አይደለም የምልህ፤ እግሬን ትራስ ላይ ሰቅዬ፣ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አስደግፌ፣ በእውነት ደኅና ሆኜ ነው የምጽፍልህ። ደብዳቤ መጻፍ አምሮኝም አይደለም። በደወልኩ ቁጥር አክስቴ አንዴ «ተኝቷል»፣ አንዴ «አሁን ወጣ» ትለኛለች። አንተ እንኳን በቀን፣ በሌሊትም እንቅልፍ የለህም። አክስቴ ደግሞ ውሸት አልለመደባትም፤ ባለፈው «ተኝቷል» ስትለኝ ከኋላዋ ስታስል ሰማሁህ። ሳልህን አላውቀውም እንዴ? ስለዚህ እባክህ፣ እኅትህን በስተርጅና ኃጢአት አታስገባት። መነጽርህን አድርግና ይህችን ራስህ አንብባት።

ጠያቂ ሲመጣ ምን እንደምል ታውቃለህ? «እግሬ ተሰብሮ የተኛሁት እኔ፣ እግሬ አውጪኝ ብሎ የጠፋው አባቴ» እላለሁ። ይስቃሉ፤ እኔም አብሬያቸው እስቃለሁ። እነሱ ወጥተው በሩ ሲዘጋ ግን ሳቁም አብሯቸው ይወጣል። ተቀይሜህ ነበር አባዬ፤ አልደብቅህም። ከቀዶ ጥገናው ክፍል እየገፉ ሲያወጡኝ በዓይኔ የፈለግሁት አንተን ነበር። በሩ ላይ የቆመው ታናሼ ብቻውን ነው።

«አባዬስ?» አልኩት።

መሬት መሬት ያያል። «አክስቴ ጋ ሄደ።»

«መቼ ነው የሚመጣው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ‹እኔ ካለሁ አትድንም› ነው ያለኝ።»

ይህች ቃል ከስብራቱ ይልቅ አመመችኝ። ጫማዬን ይዘህ መሄድህን የሰማሁት ደግሞ ኋላ ነው።

ስለዚያ ቀን አንተና እኔ አውርተን አናውቅም። እንግዲያው እኔ ላውራው፤ አንተ በምታነበው ወረቀት ላይ አቋርጠኸኝ አትወጣም።

የጥርስ ሐኪሟን ቤት ቀብተን ጨርሰነው ነበር። ውስጡ አልቋል፣ ውጩ አልቋል፤ የቀረችው ከጣሪያው ክፈፍ በታች፣ አሸንዳው አጠገብ ያለችው ጥግ ብቻ ናት። ሰማዩ ጠቁሯል። ሮለሮቹን አጥበን፣ ከላይ መሰላሉን የምናስርበትን ገመድ ፈትተን ጠቅልለን ነበር። «ዝናቡ ሳይመጣ እቺን ነካ ነካ ላድርጋት» አልኩ። አንተም መሰላሉን አንስተህ መጣህ። መሬቱ ላይ ቀለም እንዳይንጠባጠብ ያነጠፍነው ፕላስቲክ ገና አልተነሳም። መሰላሉ እሱ ላይ ቆመ። ፕላስቲክ ላይ መሰላል እንደማይቆም ያስተማርከኝ ራስህ ነህ፤ እኔም በተራዬ ለስንት ሠራተኛ አስተምሬያለሁ። ግን አንተም አየኸው፣ እኔም አየሁት፣ ሁለታችንም «ለአንዲት ጥግ!» አልን። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እኛን ነው።

«ያዝክ?» አልኩህ፤ እንደ ሁልጊዜው።

«ይዣለሁ።»

«ልውጣ?»

«ውጪ።»

ወጣሁ። ሁለት ጊዜ ብሩሽ እንዳሳረፍኩ መሰላሉ ከእግሩ ሸሸ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው መሬት ላይ ሆኜ እግሬን ሳየው ነው፤ እግር ሊዞር ወደማይገባው አቅጣጫ ዞሯል። አንተ አጠገቤ ተንበርክከሃል። ልትነካኝ ትፈልጋለህ፣ እጅህ ይንቀጠቀጣል፣ መልሰህ ትሰበስበዋለህ። እስከ ሐኪም ቤት ድረስ ከአፍህ የወጣው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እጄ ነው። እጄ ነው የከዳሽ።»

ሕመሙ አፌን ባይዘኝ ኖሮ እመልስልህ ነበር።

ድንገተኛ ክፍል ነርሷ የግራ ጫማዬን ቀስ ብላ ፈትታ ስታወልቅ አንተ እጅህን ዘረጋህና ተቀበልካት። ጮኬ ነበር መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ አላየሁህም።

ቀዶ ጥገናውን ወዲያው አልሠሩልኝም። ቁርጭምጭሚቴ እንደ ሊጥ ተነፋፍቶ ስለነበር እብጠቱ እስኪወርድ መተኛት ነበረብኝ። ታናሼ በመጣ ቁጥር «አባዬ ነገ ይመጣል» ይለኝ ነበር። ሐኪሙ ራጁን መብራት ላይ አድርጎ አሳየኝ፤ አጥንቱ በግራም በቀኝም ተሰብሯል። «ብረት እናስገባለታለን። እንደ ድሮው ይሆናል ብዬ ግን ቃል አልገባልሽም» አለኝ። ሰውየው የማያባብል ሰው ነው፤ አንተ ብትሰማው ትወደው ነበር።

«መሰላል እወጣለሁ?» አልኩት።

«መጀመሪያ መሬት ላይ እንሂድ» አለኝና መብራቱን አጠፋ።

አየህ አባዬ፣ እኔ ሌላ ሙያ የለኝም። ሰው ስለ ከፍታ ሲያወራ ይፈራል፤ እኔ ግን ነፍሴ የምታርፈው እዚያ ላይ፣ ፊቴ ግድግዳው ላይ ሆኖ፣ ብሩሹ በእጄ ሲሄድ ነው። ያን ሁሉ ቀን አልጋዬ ላይ ሆኜ ጣሪያውን ሳይ የሚታየኝ የተላጠው ቀለም ነበር። ማን እንደቀባው አላውቅም፤ ስቱኮውን በብርጭቆ ወረቀት ሳያለሰልስ ነው የደረበበት።

አጠገቤ ዳሌያቸው የተሰበረ አዋላጅ ነበሩ፤ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ጠዋት ሲነቁ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። እኔ ደግሞ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞራለሁ። አንድ ቀን «አንቺ አትጸልይም?» አሉኝ።

«እጸልይ ነበር» አልኳቸው። ከዚያ ነገርኳቸው። አባቴ የቀለም ቆርቆሮ ከመክፈቱ በፊት ሁልጊዜ የሚጸልያት ጸሎት አለች፤ «ጌታ ሆይ፣ እጃችንን ምራ፣ እግራችንን ጠብቅ፣ ቤቱን ለባለቤቱ አሳምርለት።» በዚያ ጠዋትም ጸልየናታል። እኔ «አሜን» ብያለሁ። «ታዲያ እግሬን የታል የጠበቀው?» አልኳቸው። ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ የሌላው አልጋ ሰዎች ዞር አሉ።

አዋላጇ አልተቆጡኝም። «ልጄ፣ እኔ ያላየሁት ምጥ የለም። ሁሏም እናት ጸልያ ነው የምትገባው። ሁሏም እንደጸለየችው አልሆነላትም። እግዜር ኢንሹራንስ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድነው?»

«ሌላው ሰው ሁሉ በር ላይ ይቀራል። እሱ አብሮ ይገባል። እኔ ያየሁት ይሄንን ነው፤ ከዚህ በላይ አላውቅም።» ይህን ብለው ሳይጨርሱ «በይ አሁን ነርሷን ጥሪልኝ፣ ሽንቴ መጣ» አሉኝ።

እንግዲህ ቀዶ ጥገናው የተሠራልኝ ዕለት ወገቤ ላይ ወጉኝና ከወገቤ በታች ያለው አካል የሌላ ሰው ሆነ። ደረቴ ላይ ጨርቅ ጋረዱብኝ። እየሰማሁ እያወቅሁ ነው፤ የሚታየኝ ግን አረንጓዴ ጨርቅ ብቻ። ድሪሉ ሲጀምር ድምፁን ለየሁት። የእኛ ድሪል ነው አባዬ! ኮንክሪት ሲበሳና እንጨት ሲበሳ ድምፁ እንደሚለያይ ሁሉ አጥንት ሲበሳም የራሱ ድምፅ አለው። ፍርሃቴን ልሸፍን ብዬ «ብሎኑ ስንት ቁጥር ነው?» አልኩ።

«መደርደሪያ የምንሰቅል መሰለሽ እንዴ?» አለ ሐኪሙ ከጨርቁ ማዶ፤ ሁሉም ሳቁ።

ሳቁ ሲቆም ግን ፍርሃቱ መጣ። ሕመም የለም፤ ግን የራሴ እግር እየተበሳ እኔ እዚያ የለሁበትም። ልጸልይ አልኩ። የራሴን ቃል ፈለግሁ፣ ፈለግሁ፣ አጣሁት። በመጨረሻ የመጣልኝ ያንተው የቆርቆሮ ጸሎት ነው። «እጃችንን ምራ» አልኩ፤ ያን ጊዜ እጁ የኔና ያንተ አልነበረም፤ የዚያ ደረቅ ሐኪም እጅ ነበር። ለእሱ ጸለይኩለት። «እግራችንን ጠብቅ» ላይ ስደርስ ግን አልወጣ አለኝ። በጀርባ ለተኛ ሰው እንባ ወደ ጆሮ ነው የሚሄደው፤ ሁለቱም ጆሮዬ ሞላ።

ከራስጌዬ የሆነ እጅ መጥቶ በፋሻ ጠረገልኝ። ማደንዘዣ ሰጪዋ ናት። «አለሁ፤ እዚሁ ነኝ» አለችኝ። ፊቷን አላየሁትም። ያየሁት ጣሪያውንና ጨርቁን ነው። ድምፅ ብቻ ሰማሁና ልቤ አረፈ።

ያን ጊዜ አንድ ነገር አሰብኩ። መሰላል ላይ እኮ አንተን አይቼህ አላውቅም። ፊቴ ግድግዳው ላይ ነው፤ አንተ ከኋላ፣ ከታች ነህ። ይህን ሁሉ ዘመን መኖርህን ያወቅሁት በድምፅህ ነው።

ከዚያ ደግሞ ትንሽ ሳለሁ ትዝ አለኝ። እናቴ ካረፈች በኋላ ታናሼን አክስቴ ወሰደችው፤ እኔን ግን የሚይዘኝ ሰው ስላልነበረ ሥራ ቦታ ይዘኸኝ ትሄድ ነበር። እንዳልረብሽህ፣ እንዳላለቅስብህ ሥራ ሰጠኸኝ፤ መሰላል መያዝ። ቀለም ስረጭ ስለምውል «ጠብታ» ያልከኝም ያኔ ነው። «ያዝሽ ጠብታ?» ትለኛለህ። የታችኛውን መርገጫ በሁለት እጄ እቅፍ አድርጌ «ይዣለሁ!» እላለሁ። «ልውጣ?» «ውጣ!» ሳትሰማ አንድ እግርህን አታነሳም ነበር። እኔም ያን ሁሉ ሰዓት አባቴን በአየር ላይ የያዝኩት እኔ ነኝ ብዬ ላብ በላብ እሆናለሁ።

እኔ እኮ ዶሮ እንኳን የማልይዝ ልጅ ነበርኩ አባዬ! መሰላሉ ቢንሸራተት አብሬው ነበር የምሄደው። ታዲያ ማን ነበር የያዘህ? እዚያ ተጋድሜ ሳስበው ታየኝ። ጠዋት ከሁሉ በፊት ብቻህን ትወጣና ገመዱን ከላይ ታስረው ነበር። ከዚያ ትወርዳለህ። ከዚያ ደግሞ መሰላሉ ግርጌ ቆመህ፣ እንዳልታሰረ ሁሉ፣ «ያዝሽ ጠብታ?» ትለኛለህ። አንዱን መሰላል ሁለት ጊዜ ነበር የምትወጣው፤ አንዱ ለገመዱ፣ አንዱ ለኔ።

ገመዱ እያለልህ የኔ ቃል ምን ያደርግልህ ነበር? ብቻህን መውጣት ስላልፈለግህ ነው። ሌላ ምክንያት የለውም።

ይህን ሳስብ እዚያው የሥራ ጠረጴዛቸው ላይ እያለሁ ነው የቀረችዋን የተናገርኳት። «እግራችንን ጠብቅ» አልኩ። ምን ማለቴ እንደሆነ አላወቅሁም ነበር። አሁን በመጠኑ አውቃለሁ። ከመውደቅ ጠብቀን ማለቴ ነው፤ እሱን አልተውኩም፤ ሰው ነኝ፣ መውደቅ እፈራለሁ። ከወደቅን ደግሞ ጥለኸን አትሂድ ማለቴ ነው። ያን ቀን ለምን እንዳልጠበቀኝ ጠይቄዋለሁ፤ አልመለሰልኝም። ግን ከጨርቁ ወዲህ ብቻዬን አልነበርኩም። ይህን ለማንም ማስረዳት አልችልም፤ አንተ ግን ይገባሃል፤ ያስተማርከኝ አንተ ነህና።

ከዚያ ወዲያ ያለው ትግል ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ግድግዳ ላይ ስለጥፈው የኖርኩት ጀሶ እኔው እግር ላይ ተለጠፈ። «አለጣጠፉ ሸካራ ነው» ብዬ ታናሼን አስቄዋለሁ። ጀሶው ሲፈታ ያየሁትን እግር ብታየው የኔ አይመስልህም፤ ከስቶ፣ ቁርጭምጭሚቱ ሳይታጠብ እንዳደረ ብሩሽ ድርቅ ብሎ። እግር የምታሠራኝ ባለሙያ መሬት ላይ ፎጣ ትጥልና «በጣቶችሽ ሰብስቢው» ትለኛለች። ስንት ጓዳና ሳሎን ያስዋብኩ ሴትዮ ከፎጣ ጋር ስታገል እውላለሁ። ተስፋ የቆረጥኩባቸው ቀናት ነበሩ፤ ክራንቹን ወርውሬ መስታወት ልሰብር ጥቂት ቀርቶኝ ነበር። ግን ጠዋት ጠዋት፣ እግሬን ወለል ከማስነካቴ በፊት፣ የቆርቆሮዋን ጸሎት እላታለሁ። «ቤቱን ለባለቤቱ አሳምርለት» የምትለዋንም አልዘላትም፤ ቤቱ አሁን እኔ ነኝ። ከክራንች ወደ ምርኩዝ ወርጃለሁ። ትንሽ አነክሳለሁ፤ ሐኪሙ ማንከሷ ልትቀር ትችላለች፣ ላትቀርም ትችላለች ብሏል።

አሁን ወደ እጅህ ልመለስ።

አክስቴ ነግራኛለች። ጠዋት ትነሳለህ፣ እንደ ልማድህ ትቆማለህ፣ አፍህን ትከፍትና መልሰህ ትዘጋዋለህ አሉ። «እጃችንን ምራ» ለማለት አፈርክ መሰለኝ። እንግዲህ ስማኝ። እጅህ እንደሚንቀጠቀጥ አውቅ ነበር። ያወቅሁት ያን ቀን አይደለም፤ ዱሮ ነው። ያለ ፕላስተር የመስኮት ጠርዝ ቀጥ አድርገህ ትቀባ የነበርከው ሰውዬ፣ ማንም እንዳያይህ ተገላምጠህ ዳር ዳሩን የወረቀት ፕላስተር ስትለጥፍ አየሁህ። በማግስቱ «እኔ ልውጣ፣ አንተ ያዝልኝ፤ ከፍታ ናፈቀኝ» አልኩህ። አንተም «እሺ» አልክ። ማወቄን አወቅህ። ሁለታችንም ዝም ተባባልን፤ ሆድ ለሆድ ተዋውቀን።

ስለዚህ እጅህ አልከዳኝም አባዬ። የሚከዳ ያልታወቀ ነው። እኔ የሚንቀጠቀጥ እጅ እንደያዘልኝ እያወቅሁ ነው በየቀኑ የወጣሁት፤ የወጣሁት ስለፈለግሁህ ነው። ያን ቀን የጎደለው ገመዱ ነው፤ የተረፈው ደግሞ ፕላስቲኩ። ለሁለቱም ሁለታችን ዓይን ነበረን። ጥፋቱን ብቻህን ተሸክመህ መሄድህ ነው ያናደደኝ፤ ግማሹ የኔ ነው፣ መልስልኝ።

የጥርስ ሐኪሟ ልትጠይቀኝ መጥታ ነበር። «ጥጓን ለሌላ ቀቢ ልስጣት ወይ?» አለችኝ። ፊቴን አየችና «በቃ፣ እናንተው ስትመጡ» አለች። እስካሁን ያች ጥግ እንዳለች ናት፤ ከቤቷ በወጣች ቁጥር ቀና ብላ እንደምታያት ነገረችኝ። ሐኪሙን ደግሞ ባለፈው ያንኑ ጥያቄ ጠየቅሁት። «መሰላል እወጣለሁ?» እግሬን አገላብጦ አየ፣ ገፋ አደረገኝ፣ አስኬደኝ። «ዝናቡ ሲያባራ፣ ደረቅ መሬት ላይ፣ ሰው ይዞልሽ» አለኝ።

ሰው ይዞልሽ ነው ያለው።

ገመዱን ታናሼ ከላይ ያስረዋል። ፕላስቲኩን እኔ ራሴ አነሳለሁ። አንተ ሥራህ መቆም ብቻ ነው። እጅህ ይንቀጥቀጥ፤ መርገጫው ላይ አሳርፈውና ይንቀጥቀጥ። ቆርቆሮውን ከመክፈታችን በፊት ጸሎቷን ማለት ካቃተህ እኔ እላታለሁ፣ አንተ አሜን በል። ያም ካቃተህ ዝም ብለህ አጠገቤ ቁም፤ እኔ ለሁለታችንም እላለሁ።

አክስቴ ጫማዬ አልጋህ ሥር እንዳለች ነግራኛለች። በጨርቅ ጠቅልለህ እንዳስቀመጥካት፣ ማንንም እንደማታስነካ፣ አንዳንዴ አውጥተህ እንደምታያት። ቀለሙን እንዳታጸዳብኝ፤ ያንን ቀለም ለመሰብሰብ ስንት ዘመን ፈጅቶብኛል። ቀኙ እዚህ በር ሥር ብቻውን ተቀምጧል። በአንድ ጫማ መሰላል አይወጣም፤ ይዘህልኝ ና።

እኔ ከመሰላሉ ግርጌ እቆማለሁ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞራለሁ። አላይህም፤ ቃልህን ሳልሰማ ደግሞ አንድ እግሬን አላነሳም።

ያዝክ?

ልጅህ፣
ጠብታ